የ9 ዓመት ልጅ፣ የዕድሜ ልክ ካርድ፦ የአደን ትምህርት ዝቅተኛ ዕድሜ ሊኖረው ይገባል?

ቴክሳስ ውስጥ የሚኖር የ9 ዓመት ልጅ የአደን ትምህርት ተከታትሎ ፈተናውን ካለፈ ሰርተፍኬት ይሰጠዋል። ያው ልጅ ፔንስልቬንያ ቢኖር ኖሮ “ገና ነህ፣ 11 ዓመት ሲሞላህ ተመለስ” ይባል ነበር። ሚኒሶታ ቢሆን በ11 ዓመቱ መማር ይችላል፤ የሰርተፍኬት ካርዱ ግን የሚሠራለት 12 ሲሞላው ነው። ዊስኮንሲን ደግሞ ለትምህርቱ ዝቅተኛ ዕድሜ የሚባል ነገር አላስቀመጠችም። አገሩ አንድ ነው፣ ጠመንጃውም አንድ ነው፣ አጋዘኑም ያው አጋዘን ነው። ልጅ ስንት ዓመት ሲሆነው እንደ አዳኝ ይቆጠር ለሚለው ጥያቄ ግን የአሜሪካ ስቴቶች አንድ መልስ የላቸውም።

ጉዳዩ ለብዙ ሐበሻ ወላጅ የሩቅ ሰው ጉዳይ ይመስላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ በሰሜን ቨርጂንያ፣ በዴንቨር፣ በዳላስ የሚያድጉ ልጆቻችን አብረዋቸው ከሚማሩት መካከል አባቱ አዳኝ የሆነ ልጅ አለ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2023 ይፋ ባደረገው የሕዝብ አስተያየት መሠረት፣ ከ10 አሜሪካውያን ዐዋቂዎች 4ቱ ገደማ የጦር መሣሪያ ባለበት ቤት ይኖራሉ። ልጆቻችን ለልደት፣ ለቤት ሥራ፣ ለጨዋታ የሚሄዱት ወደ እነዚህ ቤቶች ነው። ቅዝቃዜው ሲጀምር ደግሞ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ “የጓደኛዬ አባት አጋዘን አደን ይወስደኛል፤ ልሂድ?” ይላል። ብዙዎቻችን “አይሆንም” ብለን ወሬውን እንዘጋዋለን። መከልከል የወላጅ መብት ነው። ልጁ ስለ ጠመንጃ አንድም ነገር ሳያውቅ ጠመንጃ ባለበት ቤት መግባት መውጣቱ ግን አይቀርም።

ስለዚህ ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ የዕድሜ ገደብ የመማሪያ ክፍሉ በር ላይ መቆም የለበትም፤ ሰርተፍኬቱ ላይ ግን መቆም አለበት። ሁለቱ አንድ ተደርገው መታየታቸው ነው ክርክሩን ያበላሸው።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

የአደን ትምህርት ተኩስ ማስተማሪያ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሰዓት የሚወስድ፣ በብዛት በበጎ ፈቃደኞች የሚሰጥ ኮርስ ነው። ልቡ አራት ትእዛዛት ናቸው። ማንኛውንም ጠመንጃ እንደ ጎረሰ ቁጠረው። አፈ ሙዙን ሁልጊዜ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ያዝ። ለመተኮስ እስክትወስን ድረስ ጣትህ ምላጩን አይንካ። የምትተኩስበትን ነገር ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያለውንም እወቅ። ይህ አራተኛው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ትንሿ .22 የምትባለው ጥይት እንኳ ከ1 ማይል በላይ እንደምትሄድ ሲነገረው ደንግጦ ቀና የሚል ዐዋቂ ጥቂት አይደለም። ከዚያ ሌላ አጥር ሲዘለል ጠመንጃ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሦስት አዳኞች እያንዳንዳቸው ወዴት ብቻ መተኮስ እንደሚፈቀድላቸው፣ ዛፍ ላይ የሚሠራ ማማ ላይ ሲወጣ ቀበቶ እንዴት እንደሚታሰር፣ የቆሰለ እንስሳ እንዴት እንደሚከተሉት፣ የሰው መሬት ላይ ለመግባት ማንን ማስፈቀድ እንደሚያስፈልግ ይማራሉ። በመጨረሻ ፈተና አለ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከገንዘብ ነው። በ1937 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የፈረሙበትና በሁለት የምክር ቤት አባላት ስም ፒትማን-ሮበርትሰን ተብሎ የሚጠራው ሕግ፣ ከረጅም ጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰበው የ11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ለስቴቶች እንዲከፋፈል አደረገ። በ1949 ኒውዮርክ የአደን ትምህርትን ግዴታ በማድረግ የመጀመሪያዋ ሆነች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሽጉጥና የቀስት ቀረጥ ሲጨመር ከዚያ ገንዘብ የተወሰነው ለአዳኞች ትምህርት እንዲውል ተፈቀደ። ዛሬ ትምህርቱ በ50ዎቹም ስቴቶች ይሰጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሕጎቹ ሲወጡ ዕድሜን የቆጠሩት ከላይ ወደ ታች ነው። ኮሎራዶ ከጥር 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ ይማር አለች። ቴክሳስ ከመስከረም 2 ቀን 1971 ወዲህ፣ ዊስኮንሲን ከጥር 1 ቀን 1973 ወዲህ፣ ሚኒሶታ ደግሞ ከ1979 ማብቂያ በኋላ የተወለዱትን ግዴታ ጣለችባቸው (ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሐሳቡ ለዓመታት ሲያድኑ የኖሩትን አዛውንት ክፍል ውስጥ ላለማስቀመጥ ነበር። ማን ይቅርለት ተብሎ በደንብ ታሰበበት፤ ማን ገና ነው የሚለው ግን ለየስቴቱ ልማድ ተተወ።

ትምህርቱ መጥቀሙን የሚጠራጠር ካለ ኒውዮርክን ይመልከት። በ1960ዎቹ ከ100,000 አዳኞች 19 ያህሉ ላይ የተኩስ አደጋ ይደርስ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ቁጥሩ ከ2 በታች ወርዷል። ሁሉም የትምህርቱ ውጤት አይደለም። አዳኞች ከሩቅ እንዲታዩ የሚለብሱት ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያም ትልቅ ድርሻ አለው። ነገር ግን ሰደርያው ለምን እንደሚለበስ ያስተማረው ያው ክፍል ነው።

ካርዱ አያረጅም

ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። የአደን ትምህርት ሰርተፍኬት የዕድሜ ልክ ነው። አይታደስም። አንዱ ስቴት የሰጠውን ሌሎቹም ይቀበሉታል። ቴክሳስ ውስጥ በ9 ዓመቱ ፈተና ያለፈ ልጅ፣ በ25 ዓመቱ ኮሎራዶ ሄዶ ኤልክ የሚባለውን ትልቁን የአጋዘን ዘር ለማደን ፈቃድ ሲጠይቅ፣ የሚያቀርበው የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እያለ ያገኘውን ካርድ ነው። በመካከል ባሉት 16 ዓመታት ጠመንጃ ነክቶ ይሁን አይሁን፣ የተማረውን ያስታውስ አያስታውስ የሚጠይቀው የለም።

ከመኪና መንጃ ፈቃድ ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ይጎላል። ልጁ መጀመሪያ የለማጅ ፈቃድ ያገኛል፤ አጠገቡ ትልቅ ሰው ተቀምጦ ይነዳል፤ ቆይቶ ብቻውን ይለቀቃል፤ ከዚያም በየጥቂት ዓመቱ ያሳድሳል። የአደን ትምህርት ግን በብዙ ቦታ መማርን፣ መመዝገብንና መለቀቅን በአንዲት ካርድ ጠቅልሎ ይሰጣል።

በቴክሳስ ሕግ ከ9 በታች ያለ ልጅ ያለ አጃቢ ማደን አይችልም። ከ9 እስከ 16 ዓመት ያለው ግን ወይ ሰርተፍኬት ይይዛል፣ ወይ ፈቃድ ያለው ትልቅ ሰው ያጅበዋል። “ወይ” የምትለውን ቃል ልብ በሉ። ሰርተፍኬቱን የያዘ የ9 ዓመት ልጅ በሕጉ አነጋገር ያለ አጃቢ ማደን ይችላል ማለት ነው። አእምሮ ያለው ወላጅ እንዲህ አያደርግም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፣ አብዛኛው አያደርግም። ሕግ የሚያስፈልገው ግን ለአብዛኛው አይደለም። የሚገርመው ቴክሳስ ራሷ ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ጨርሰው ካርድ እንዲወስዱ የምትፈቅደው 17 ለሞላቸው ነው። ከዚያ በታች ያለ ልጅ በአካል መጥቶ መታየት እንዳለበት ታምናለች። በአካል ከታየ በኋላ ግን የ9 ዓመቱንና የ16 ዓመቱን ልጅ እኩል ትለቃቸዋለች።

ልጅ የሚያውቀውና ልጅ የሚያደርገው

ዝቅተኛ ዕድሜ አያስፈልግም የሚሉት ወገኖች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ልጅ ከልጅ ይለያል ይላሉ። ገበሬ ቤት ያደገ የ10 ዓመት ልጅ ከከተማ ልጅ ይልቅ የበሰለ ሊሆን ይችላል፤ ፈተናውን ያለፈ አለፈ፣ የወደቀ ወደቀ፣ ዕድሜ ምን አገባው? ደግሞም ልጅ በ9 እና በ10 ዓመቱ የትልቅ ሰው ቃል ይሰማል፤ 14 ሲሞላው መስማት ይተዋል። ይህን የመጨረሻውን ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ችግሩ ፈተናው የሚመዝነው ልጁ የሚያውቀውን እንጂ የሚያደርገውን አለመሆኑ ነው። በልጆችና በጠመንጃ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ በትክክል እዚያ ላይ ነው።

በ2001 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 የሆኑ ወንዶች ልጆች ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ አንድ ክፍል ውስጥ እንዲጫወቱ ተደረገ። በመሳቢያ ውስጥ እውነተኛ፣ ግን ያልጎረሰ ሽጉጥ ተቀምጧል። ተመራማሪዎቹ በአንድ አቅጣጫ በሚያሳይ መስታወት ይከታተላሉ። ከ64ቱ ልጆች 48ቱ ሽጉጡን አገኙት፤ 30ዎቹ አነሡት፤ 16ቱ ምላጩን ሳቡ። ሽጉጡን ካነሡት ወይም ምላጩን ከሳቡት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቀደም ሲል ስለ ጦር መሣሪያ ደህንነት ተምረናል ያሉ ነበሩ። ይህን ቁጥር ሳነብ ቆም ማለት ነበረብኝ። ልጆቹ መልሱን ያውቁ ነበር። ጠይቃችሁ ብትፈትኗቸው ያልፉ ነበር።

በ2004 በ4 እና በ5 ዓመት ሕፃናት ላይ የተሠራ ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳየ። “አትንካ፣ ራቅ፣ ለትልቅ ሰው ተናገር” የሚለውን ትምህርት በቃላቸው መድገም የሚችሉ ልጆች፣ ሽጉጡ ፊታቸው ሲቀመጥ አላደረጉትም። እየተለማመዱ፣ እየታረሙ፣ ደጋግመው የሠሩት ግን ቢያንስ በልምምዱ ላይ የተሻለ ውጤት አሳዩ።

ትምህርት ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። በ2023 ጃማ ፔዲያትሪክስ በተባለ ሌላ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት ባሉ 226 ልጆች ላይ የተደረገ ሙከራ ይህን ያስረዳል። ግማሾቹ የአንድ ደቂቃ የጠመንጃ ደህንነት ቪዲዮ አዩ፤ ግማሾቹ ስለ መኪና ደህንነት። ከሳምንት በኋላ የማይተኩስ እውነተኛ ሽጉጥ የተደበቀበት ክፍል ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ገቡ። የጠመንጃውን ቪዲዮ ካዩት 39 በመቶው ሽጉጡን ነኩ፤ ካላዩት ግን 67 በመቶው። ለትልቅ ሰው የተናገሩት ደግሞ ካዩት 34 በመቶ፣ ካላዩት 11 በመቶ ገደማ ናቸው። አንድ ደቂቃ ይህን ያህል ከለወጠ፣ አንድ ሙሉ ኮርስ ብዙ ሊሠራ ይችላል። በሌላ በኩል ቪዲዮውን ካዩት ከ10 ልጆች 4ቱ ገደማ አሁንም ነክተውታል።

እነዚህ ጥናቶች በአደን ሜዳ የተሠሩ አይደሉም፤ አባት አጠገቡ የቆመ ልጅና ክፍል ውስጥ ከጓደኛው ጋር ብቻውን የቀረ ልጅ እኩል አይደሉም። ግን የሚነግሩን ነገር ግልጽ ነው፦ ልጆችን ማስተማር ይጠቅማል፤ የተማረ ልጅን ብቻውን ማመን ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ነው ክፍሉን ለሁሉም ከፍተን ካርዱን ማዘግየት ያለብን የምለው።

የአካልም ጉዳይ አለ። የአደን ጠመንጃ በአብዛኛው ከ3 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሰደፉ ለረዘመበት ልጅ አፈ ሙዙን ቀጥ አድርጎ ማቆየት ትግል ነው፤ ሲደክመው ደግሞ ወደ ጎን ይዞራል። ጎኑ የቆመው አባቱ ነው። በነሐሴ 2014 በአሪዞና አንድ የተኩስ መለማመጃ ቦታ ላይ የ9 ዓመት ልጅ፣ ደጋግሞ የሚተኩስ መሣሪያ ተሰጥቷት፣ መሣሪያው ከእጇ ወደ ላይ እየዘለለ አጠገቧ የቆመውን አስተማሪ ገድሏል። ያ የአደን መሣሪያ አልነበረም። ትልቅ ሰው፣ ያውም ባለሙያ፣ አጠገብ መቆሙ ግን የልጁ ጉልበት የማይችለውን ነገር እንዲችል አያደርገውም።

አደን ደግሞ ከመለማመጃ ቦታ ይከብዳል። አጋዘን የሚወጣው ሲነጋና ሲመሽ ነው። ብርሃኑ ደብዛዛ ነው፤ ልጁ ለሰዓታት በብርድ ተቀምጧል፤ ቁጥቋጦው ሲንቀሳቀስ ልቡ ይመታል። “አሁን አትተኩስ፤ ከጀርባው ምን እንዳለ አላየሁም” ብሎ ራሱን መግታት ለ40 ዓመት ሰውም ቀላል አይደለም።

የዊስኮንሲን ሕፃናት

በኅዳር 2017 ዊስኮንሲን ዝቅተኛውን የአደን ዕድሜ ሙሉ በሙሉ አነሣች። ከዚያ በፊት ልጅ በአጃቢ ማደን የሚችለው 10 ሲሞላው ነበር። ሕጉ በወጣበት በዚያው የአደን ወቅት ከ10 ዓመት በታች ላሉ ልጆች 1,814 ፈቃዶች ተሸጡ፤ ከእነሱ 10ሩ አንድ ዓመት እንኳ ላልሞላቸው ጨቅላዎች ነበሩ። ወሬው በመላው አገር ተናፈሰ። እርግጥ ጨቅላው ጠመንጃ አልያዘም፤ ወላጆች ለመታሰቢያ የገዙት ወረቀት ነው ሊባል ይችላል።

ሁሉም ስለ ጨቅላዎቹ ሲያወራ ግን የዚያው ሕግ ሌላ አንቀጽ ሳይታይ አለፈ። ቀድሞ አጃቢውና ልጁ በመካከላቸው መያዝ የሚችሉት አንድ ጠመንጃ ብቻ ነበር። አዲሱ ሕግ ሁለቱም እንዲይዙ ፈቀደ። ለእኔ ከባዱ ይህ ነው። አንድ ጠመንጃ ሲሆን ትልቁ ሰው የሚያድነው በልጁ እጅ ነው፤ ዓይኑ ከልጁ አይነቀልም፤ ሥራው ማስተማር ነው። ሁለት ጠመንጃ ሲሆን ግን አባትም አዳኝ ይሆናል። ትልቅ ቀንድ ያለው አጋዘን ብቅ ሲል ዓይኑ ወዴት ይሄዳል? ሕጉ አጃቢው ክንዱን ቢዘረጋ ልጁን በሚደርስበት ርቀት እንዲሆን ያዛል፤ የሁለቱም እጅ በየራሱ ጠመንጃ ከተያዘ ያ ክንድ ባዶ አይደለም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ስሟ የጠፋው ዊስኮንሲን በሌላ ጎን ከቴክሳስ የተሻለች ናት። ልጁ በየትኛውም ዕድሜ ሰርተፍኬት ቢያገኝ ብቻውን መውጣት የሚችለው 14 ሲሞላው ነው፤ በ12 እና በ13 ዓመቱ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አብሮት መሆን አለበት። በአንድ በኩል ሁሉንም ክፍት አድርጋ በሌላ በኩል በር ዘግታለች። ስለ ልጆች ዕድሜ የሚጽፍ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣት ዊስኮንሲንን ነው፤ የ9 ዓመት ልጅ ያለ አጃቢ እንዲያድን የሚፈቅደው የቴክሳስ ሕግ ግን ድምፅ ሳያሰማ ይኖራል።

ስቴቶች ዕድሜን ዝቅ ለማድረግ የሚሽቀዳደሙበት ምክንያት የተደበቀ አይደለም። አዳኝ እየቀነሰ ነው የሚል ፍርሃት አለ። የፌዴራሉ መንግሥት የአሳና የዱር እንስሳት አገልግሎት ባደረገው ጥናት፣ ዕድሜያቸው 16 እና ከዚያ በላይ የሆኑ አዳኞች በ2011 ከነበሩበት 13.7 ሚሊዮን በ2016 ወደ 11.5 ሚሊዮን ወርደዋል። የፒትማን-ሮበርትሰን ገንዘብ፣ በአንዳንድ ዓመታት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የደረሰው፣ ለስቴቶች ሲከፋፈል ግማሹ በቆዳ ስፋት፣ ግማሹ ፈቃድ በገዙ አዳኞች ቁጥር ይሰላል። ፈቃድ የሚገዛ ሰው በጠፋ ቁጥር የደን ጠባቂው ደመወዝና የዱር እንስሳቱ ጥበቃ ይጎዳል። በ2004 የአደንና የጦር መሣሪያ ድርጅቶች ተባብረው “ፋሚሊስ አፊልድ” የተባለውን ዘመቻ የጀመሩት፣ ልጆችን ከአደን የሚያግዱ የዕድሜ ሕጎችን ለማስነሣት ነበር። ዘመቻው ብዙ ስቴቶች ላይ ተሳክቶለታል።

ጭንቀታቸውን አከብራለሁ። ልጅ እስከ 12 ዓመቱ ጫካ ካልገባ ቀኑን እግር ኳስና ስልክ ይወስዱታል የሚለው ስጋት የሐሰት አይደለም። ነገር ግን የበጀት ቀዳዳ በ9 ዓመት ልጅ ፈቃድ አይደፈንም፤ ልጁን ወደ ጫካ ለማስገባትም የዕድሜ ልክ ካርድ መስጠት አያስፈልግም።

ጥጃ፣ በግ፣ ከብት

አውሮፓውያን ከዚህ በጣም ይርቃሉ። ጀርመን ውስጥ የወጣቶች የአደን ፈቃድ የሚሰጠው ከ16 ዓመት ጀምሮ ነው፤ እሱም አጃቢ እየተከተለ እስከ 18 ድረስ ነው። ፈተናው ከመክበዱ የተነሣ ሰዉ አረንጓዴው ማትሪክ እንደማለት ባለ ስም ይጠራዋል። በኖርዌይ ልጅ 14 ሲሞላው እየተለማመደ በአጃቢ ማደን ይጀምራል፣ ለትናንሽ እንስሳት 16፣ ለትላልቆቹ 18 ዓመት ይጠበቅበታል። አሜሪካ የጀርመንን መንገድ ትከተል አልልም፤ አደን ለሚኒሶታ ገበሬ የባለጠጋ መዝናኛ ሳይሆን ማቀዝቀዣውን የሚሞላ ሥጋ ነው። ከኖርዌይ ግን የምወስደው አለ፦ ደረጃ።

ደረጃ የሚለው ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አገር ቤት ልጅ እረኝነት የሚጀምረው ከጥጃ ነው፤ እሱም እቤት አጠገብ፣ እናት እያየችው። ቀጥሎ በግና ፍየል ይሰጠዋል። በሬና ላም ይዞ ወንዝ የሚሻገረው ሲጠና ነው። ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ የሚጠብቀውም ልጅ ድንጋዩን ወዴት እንዳይወረውር መጀመሪያ ተነግሮት፣ ሲሳሳት ተቆጥተውት ነው። “ስንት ዓመትህ ነው?” ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም፤ ነገር ግን የጥጃውን ሳያይ የከብቱን የሚሰጠውም አልነበረም።

የአደን ትምህርትም እንዲሁ ቢሆን ምን ችግር አለው? የ7 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ክፍል ገብቶ ይስማ፤ አራቱን ትእዛዛት በእንጨት ጠመንጃ ይለማመድ። በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች ትንንሽ ልጆች ክፍሉን ያስቸግራሉ፣ ወላጅ ከጎን ሆኖ መልስ ያንሾካሹካል ብለው ያማርራሉ፤ ቅሬታቸው እውነት ነው፣ ግን ምክንያቱ ሁሉም ለካርዱ መቀመጡ ነው። ትንሹ ልጅ ለካርድ ካልተፈተነ ማንሾካሾክም አያስፈልግም። ሰርተፍኬቱ ሚኒሶታ እንዳደረገችው በ11 ተምሮ በ12 የሚጸና ይሁን። በዚያው ስቴት ካርዱን የያዘ ልጅ ያለ አሳዳጊ ጠመንጃ ይዞ መንቀሳቀስ የሚችለው 14 ሲሞላው ነው። እኔ ከዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ፦ ብቻውን ከመለቀቁ በፊት እንደገና ሜዳ ላይ ይታይ። በወረቀት ሳይሆን ጠመንጃ ይዞ፣ አጥር ተሻግሮ፣ “አትተኩስ” የሚባልበት ቦታ ላይ ሳይተኩስ ቀርቶ።

ማስተማሩ ራሱ አከራካሪ አለመሆኑን በ2023 አይተናል። በ2022 የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ በትምህርት ቤቶች ለሚሰጡ የአደንና የቀስት ትምህርቶች የሚውለውን የፌዴራል ገንዘብ ያግዳል ተብሎ በተተረጎመ ጊዜ፣ የተወካዮች ምክር ቤት በ424 ለ1 ድምፅ እገዳውን አነሣ፤ ፕሬዚዳንት ባይደንም በጥቅምት ወር ፈረሙበት። በምንም የማይስማሙት ሁለቱ ፓርቲዎች በዚህ ተስማሙ። የቀረው ካርዱን መቼ እንስጥ የሚለው ነው፤ እሱ ደግሞ የየስቴቱ ምክር ቤት ሥራ ነው።

ጥሪው ሲመጣ

የሚኒሶታ የጠመንጃ አጋዘን አደን የሚከፈተው በኅዳር መጀመሪያ አካባቢ ነው። በፈረንጁ ወር መጨረሻ ላይ የእኛ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ፣ ከጎረቤት ጥሩ የአጋዘን ሥጋ ተልኮላቸው እስከ ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያቆዩ ቤተሰቦች አሉ። ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሥጋ ይላላካሉ፤ ልጆቹ አብረው ይማራሉ። እንግዲህ አንድ ቀን ያ ጎረቤት “ልጅሽን ዘንድሮ ይዤው ልሂድ?” ይላል።

ልጁ 11 ዓመት ከሞላው መጀመሪያ ወደ ትምህርቱ ይሂድ፤ ማደን ባይፈልግም። ወላጅም አብሮ ቢቀመጥ ይጠቅመዋል፤ ብዙዎቻችን ጠመንጃ ያየነው በወታደር ትከሻ ላይ ነውና። የተኩስ ልምምድ ያለበት ክፍል ከሆነ ግን የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ያልተስተካከለለት ሰው ጠመንጃ ከመንካቱ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክር፤ የፌዴራሉ ሕግ በዚህ ላይ ጥብቅ ነው።

ልጁ ራሱ ይፈልግ እንደሆነም በእርጋታ ይጠየቅ። የእኛ ልጆች አንዳንዶቹ ለፋሲካ በግ ሲታረድ አይተው ያውቃሉ፤ አንዳንዶቹ ሥጋን የሚያውቁት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። የቆሰለ አጋዘን በደም ፈለግ ተከትሎ መሄድ ከሁለቱም የተለየ ነገር ነው። ጓደኛው ፊት እንዳያፍር ብሎ እሺ የሚል ልጅ አለ፤ እናቱ ፊት ግን እውነቱን ይናገራል።

ከዚያ ጎረቤትን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥሩ አዳኝ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ጠመንጃዎቹ ቤት ውስጥ የት ይቀመጣሉ፣ ተቆልፎባቸዋል ወይ፣ ጥይቱስ ለብቻው ነው? አብሮት የሚሆነው እሱ ራሱ ነው ወይስ የ16 ዓመት ልጁ ነው? ማማ ላይ ይወጣሉ ወይ፣ ለልጁ የሚሆን ቀበቶ አለ? ሁሉንም ከመለሰ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ እሱና ልጄ ጫካ ውስጥ ሲሆኑ የሚይዙት ጠመንጃ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ሁለት ከሆነ ልጄ ዘንድሮ አይሄድም።